አይከል የማንም አሮጌ ዕቃ መቃብር አይደለችም!

ወገኖቼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ይህን የምታነቡበት ስልክ ነገ ሲሞት የት ነው የሚቀበረው? ወይ መሳቢያ ውስጥ፣ ወይ የቆራሌው ጆንያ ውስጥ፣ ወይ ገደል! አይከል ላይ አራተኛ ቦታ የሚያውቅ ካለ ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። አለ! የሚኒስትሮች ምክር ቤት የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010ን ካወጣ ዓመታት አልፈዋል። አቃቂ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር የሚፈታ ማዕከልም ተቋቁሟል። አቃቂ ግን ከእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የጭልጋ ገበሬ የሞተ የሶላር ባትሪውን ተሸክሞ አቃቂ ይሂድ?

ታሪኩን እንወቅ። በ1980 ዓ.ም. ከጣሊያን የመጣ መርዛማ ቆሻሻ ናይጄሪያ፣ ኮኮ በምትባል የወደብ ከተማ ተከማችቶ ተገኘ። አፍሪካ ተቆጣች። በ1983 ዓ.ም. ባማኮ ላይ አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉራችን እንዳይገባ የሚከለክል ስምምነት ተፈረመ። በባዝል ስምምነት ደግሞ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አደገኛ የተባለውም ያልተባለውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር የጽሑፍ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። በሕገወጥ መንገድ የላከ አገር መልሶ መውሰድ አለበት።

ታዲያ ቀዳዳው የት ነው? ስሙ ላይ! «ቆሻሻ» ሲባል ይከለከላል፤ «ያገለገለ ዕቃ» ሲባል ያልፋል። ሳይፈተሽ ከገባ ግማሽ ነፍስ ያለው ቴሌቪዥን ገበያ ላይ ይወጣል። በወሩ ይሞታል። ትርፉ አስመጪው ኪስ ይገባል፣ ሬሳው እኛ ሰፈር ይቀራል!

ሬሳው ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን መስታወት በኪሎ የሚመዘን እርሳስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህል እርሳስ ልጅን አይጎዳም» የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። መዳብ ለማውጣት ሽቦ ሲቃጠል ከላስቲኩ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። ያን ጭስ የሚተነፍሰው አስመጪው አይደለም፤ የእናንተ ታናሽ ወንድም ነው!

እውነት እንነጋገር፣ እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ርካሽ አስመሳይ ቻርጀር እየገዛን በየሁለት ወሩ የምንጥለው እኛው ነን። ጥገና የሚችለውን የሰፈራችንን ልጅ ንቀን አዲስ የምንገዛውም እኛው ነን።

ደግሞ ቆሻሻ የምንለው ውስጥ ወርቅና መዳብ አለ። ቤልጂየምና ጃፓን ያሉ ማቅለጫዎች ከሰርኪዩት ቦርድ ወርቅ ያወጣሉ። እኛ በኪሎ ሒሳብ ለቆራሌው የምንሸጠው ሀብት ነው!

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦

👉 ያስመጣ ይሰብስብ! አስመጪው ከሸጠው ዕቃ የተበላሸውን መልሶ የሚረከብበት ጣቢያ እስከ ወረዳ ይክፈት።

👉 በመተማም ሆነ በደረቅ ወደቦች፣ መሥራቱ በፍተሻ ያልተረጋገጠ አሮጌ ዕቃ አይግባ።

👉 ቦርድ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ፈቃዱን ያሳይ፣ ለሰብሳቢው ወጣትም ተገቢውን ዋጋ ይክፈል።

👉 የከተማው አስተዳደር ለተደራጁ ጠጋኞችና ሰብሳቢዎች አንድ የተከለለ ቦታ ይስጥ።

ሼር አድርጉት፤ ሼር ብቻ ግን አይበቃም። ዛሬውኑ ሽቦ የሚያቃጥል ልጅ ካያችሁ አስቁሙት፣ ለምን እንደሆነም ንገሩት። ነገ ደግሞ ተሰብስባችሁ የአስተዳደሩን በር አንኳኩ። አገር መውደድ አፈሯን ከመርዝ ከመጠበቅ ይጀምራል!