ከቱሉ ዲምቱ የተላከ ምስጋና

ይድረስ ለአፋን ኦሮሞ፣

የምጽፍልህ ከአቃቂ ቃሊቲ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሣበት ከቱሉ ዲምቱ ነው። ስለ ተረትህና ስለ ዘፈንህ የሚያመሰግንህ አታጣም፤ እኔ የማመሰግንህ ጀማሪውን ሁሉ ስለሚያስፈራው ሰዋስውህ ነው።

የታክሲ ረዳቱ «ቱሉ ዲምቱ!» እያለ ሲጣራ ለእኔ መውረጃዬ ብቻ ነበር። ለካ አንድ ሙሉ ትምህርት ኖሯል፤ «ቱሉ» ኮረብታ፣ «ዲምቱ» ቀይ። እኛ ቅጽሉን እናስቀድማለን፣ አንተ ታስከትላለህ። ቅጽልህ ደግሞ ጾታ ይለያል፤ ለወንድ «ዲማ»፣ ለሴት «ዲምቱ»። ኮረብታችን ሴት ናት ማለት ነው!

ከሁሉ የገረመኝ የባለቤትና የተሳቢ ነገር ነው። እኛ «ቶላ ቡናውን ጠጣ» ስንል «ን» የምታርፈው በሚጠጣው ላይ ነው። አንተ «ቶላን ቡና ዹጌ» ስትል ያረፈችው በጠጪው ላይ ነው፤ ቡናው ምንም አልተጨመረበትም። አማርኛ ለለመደ ጆሮ ቡናው ቶላን የጠጣው ይመስላል።

አነባበብህ ላይ «ዸ» አለች፤ አየሩን ወደ ውስጥ ሳብ ካላደረጉላት «ደ» ሆና ታመልጣለች። ማጥበቅና ማላላቱን ከ«አለ» ጋር ስላደግን እናውቀዋለን፤ ያንተ «በዳ» ሲላላ መጥፎ፣ ሲጠብቅ ደጋ ነው። የሚከብደው አናባቢ ማስረዘም ነው። «ገራ» መጨረሻው ካጠረ «ወደ» ነው፣ ከረዘመ ሆድ ይሆናል። በ1984 ዓ.ም. የተመረጠው የላቲን ፊደልህ ቁቤ ሆሄ በመደጋገም ይህን ያሳየናል፤ የእኛ ፊደል ማጥበቁንም ማስረዘሙንም ለአንባቢው ትቶታል።

በግዕዝ ፊደልም ቢሆን የጀማሪ መጽሐፍ ነበረህ። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ፣ ሁለቱም ከባርነት ነጻ የወጡ፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ሆነው በ1894 እ.ኤ.አ. የንባብ መማሪያህን አሳትመዋል። ከአገር ርቆ ለልጆች ፊደል ማስቆጠሪያ ማሰናዳት ቀላል አይደለም፤ ምስጋናዬን ለእነሱም አድርስልኝ።

ግሶችህን ገና አልነካኋቸውም፤ ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። እስከዚያው ገለቶሚ። «ቶ»ዋን አስረዝሜያታለሁ።