ከተልባ ልጋግ እስከ ሯጭ ላብ

ተልባ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲያድር የሚያወጣውን ልጋግ የማያውቅ የአርሲ ልጅ አይገኝም። ያ ልጋግ በሳይንስ ስሙ ሃይድሮጄል ነው፤ ይኸውም ብዙ ውሃ በቀጫጭን የሞለኪውል ክሮች መረብ ተይዞ ሳይፈስ የሚቆይበት አካል ማለት ነው።

መስከረም 15 ቀን 2009 ዓ.ም. የበቆጂው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ከዓለም ክብረ ወሰን የለየው 6 ሰከንድ ብቻ ነበር። በዚያን ቀን የጠጣው የስኳር መጠጥ ከባሕር ሣር የሚወጣ አልጂኔት የገባበት ሲሆን፣ ከሆድ አሲድ ጋር ሲገናኝ ወደ ሃይድሮጄል ይለወጣል። ድሉ የመጠጡ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ከተራው የስኳር መጠጥ መብለጡን በአንድ ቃል አልመሰከሩም።

ዛሬ ይኸው ነገር ከሆድ ወደ ቆዳ ወጥቷል። ላብን፣ የልብ ትርታንና የጡንቻን መሳሳብ የሚለካው መለጠፊያ ከብረት ቢሠራ ከቆዳ ጋር አብሮ አይሳብም፤ ጨው ያለበት ሃይድሮጄል ግን እንደ ሥጋ ለስላሳ ሆኖ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ችግሩ እንደ ተልባው ልጋግ ደካማ መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ጂያን ፒንግ ጎንግና ባልደረቦቻቸው ሁለት መረቦችን አንዱን በሌላው ውስጥ አጠላለፉ፤ ግትሩ መረብ እየተበጣጠሰ የመሳቡን ኃይል ሲውጥ፣ ተለጣጩ አካሉን ይዞ ያቆየዋል። በ2012 ደግሞ በሃርቫርድ እነ ዢጋንግ ሱዎ ከመቶው ዘጠና እጅ ያህሉ ውሃ የሆነውን ሃይድሮጄል ከርዝመቱ ከ20 እጥፍ በላይ ሳቡት። በውስጡም ያው የባሕር ሣር አልጂኔት አለበት።

ነገር ግን በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሯጩ በማለዳ ውርጭ ወጥቶ በደረቅ ፀሐይ ሲመለስ የሃይድሮጄሉ ውሃ ይተናል፤ አካሉ ይደርቃል፤ ንባቡም ይዛባል። ግሊሰሪን ቢጨመርበት ድርቀቱ ይዘገያል፤ ዳሩ ግን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ ይቀንሳል።

የእኛ ድርሻ እዚህ ላይ ይመስለኛል። መለጠፊያውን ለመሥራት አቅም ቢያንሰን እንኳ ለመፈተን ከፍታው፣ ብርዱና ሯጩ አለን፤ የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከልና የአርሲ ዩኒቨርሲቲም በአንዲቱ አሰላ ይገኛሉ። የደራርቱና የኃይሌ አገር የውጭ መሣሪያ ገዢ ብቻ ሆና መቅረት የለባትም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ ከአንድ የ16 ዓመት ልጅ ቆዳ ላይ የተነበበው ቁጥር የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በጽሑፍ ሳይወሰን ግን የመጀመሪያው መለጠፊያ ከማዕከሉ በር መግባት የለበትም።