70-200ህን አዲስ አበባ ትተኸው ና

በየፎቶ ግሩፑ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ «ለጎዳናና ለጉዞ ፎቶ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» መላሾቹ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «70-200 ግዛ፤ ሰው ሳያይህ ታነሳለህ» ይላል። ሌላው «50 ይበቃሃል፤ ከጀርባ ያለውን ብዥ አድርጎ ያሳምርልሃል» ይላል። ለሠርግ ከሆነ ሁለቱም ደህና ምክር ናቸው። ለአምቦ፣ ለጊንጪ፣ ለጉደር ጎዳና ግን ሁለቱም ጥፋት ናቸው፤ የመጀመሪያው ደግሞ ነውርም አለበት።

ከነውሩ ልጀምር። ሌንስ ስትመርጥ የምትመርጠው የምትቆምበትን ቦታ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በፉል ፍሬም ካሜራ አንድ የቆመ ሰው ከእግር እስከ ራሱ እንዲገባልህ ካሜራውን አቁመህ በ200 ስታነሳ ወደ 11 ሜትር ትርቃለህ። በ35 ሁለት ሜትር ይበቃሃል። 11 ሜትር ማለት ከአስፋልቱ ማዶ ማለት ነው። ሁለት ሜትር ላይ ግን ዝም ብለህ መቆም አትችልም። «አካም ጅርቱ» ማለት ግድ ይሆንብሃል። ሴትዮዋም ዝም አትልህም፤ የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ፎቶው ለምን እንደሆነ ትጠይቅሃለች። መልስ ከሌለህ ፎቶም የለህም። እንዲህም መሆን አለበት።

ቅዳሜና እሁድ ወደ ወንጪ የሚወጡትን የአዲስ አበባ ልጆች አምቦ ላይ እናያቸዋለን። በረንዳ ላይ ቡና ይዘው ያንን ነጭ ትልቅ ሌንስ ወደ ገበያተኛው ያዞራሉ። እንጨት የተሸከመች እናት፣ ጋሪ የሚነዳ ልጅ፣ በቃ። ማታ ላይ «ሕይወት በገጠር» ተብሎ ይለጠፋል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ውሃዋ በአገሩ ሁሉ የሚጠጣ ከተማ መሆኗን ማን ይንገራቸው?

ሌላም ነገር አለ፣ ይህን የማይነግራቸው ሰው ስላለ ነው የምጽፈው። እዚህ አካባቢ ከሩቅ የሚያይ ካሜራ ታሪክ አለው። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የተቃወሙ ተማሪዎች አምቦ ላይ በጥይት ተመትተዋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞው ከጊንጪ ተነስቶ ኦሮሚያን አዳርሷል። በዚያ ሰሞን ሰልፍ ውስጥ በፎቶ መታየት ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ አንድ አባት ማዶ ሆኖ ያነጣጠረባቸውን ሰው አይተው ፊታቸውን ቢያዞሩ «ባላገር ካሜራ ይፈራል» አትበል። ካሜራውን ማን እንደያዘው አለማወቃቸው ነው ችግሩ።

ወደ 50ው ልምጣ። እዚህ የአብዛኛው ልጅ ካሜራ ክሮፕ ነው። በካኖን ክሮፕ ላይ 50 ስታስገባ ከ80 ጋር እኩል ይሆናል፤ ያው ሰው ሙሉ ቁመቱ እንዲገባ ወደ አራት ሜትር ተኩል ትሸሻለህ። በዚያ ላይ 1.8 ከፍተህ ከወገብ በላይ ስታነሳ ከጀርባው ያለው ይጠፋል። የጠፋው ምንድን ነው? በቁቤና በፊደል የተጻፈው የሱቅ ታፔላ፣ የባጃጁ ተራ፣ የአምቦ ውሃ ሳጥን፣ ያልተጨረሰው ፎቅ። ማለትም ከተማዋ። የኃይለ ሥላሴን ዘመን ፎቶ ስናይ ዓይናችን መጀመሪያ የሚሮጠው ከሰውየው ጀርባ ወዳለው መንገድና ቤት አይደለም እንዴ? የአንተ ፎቶ ከ30 ዓመት በኋላ ሲታይ ጌዶ ይሁን ቢሾፍቱ ማን ይለያል?

ግርማ በርታን የምትጠቅሱልኝ አላችሁ። ልክ ነው፣ እሱ የአዲስ አበባን ሰው ከዳራው ነጥሎ በአንድ ቀለም ላይ አስቀምጦታል። ግን አስቦበት ያደረገው ነው እንጂ ሌንሱ ያደረገለት አይደለም። ደግሞም ያንን ሥራ የሠራው በስልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስ ኢንስታግራም ሽልማትንም አግኝቶበታል።

ታዲያ ምን ይገዛ? ፉል ፍሬም ካለህ 35። ካኖን ክሮፕ ካለህ ትንሿ 24 ኤፍ 2.8፤ 125 ግራም ብቻ ናት፣ ያ 70-200 ኤፍ 2.8 ግን አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ብር ከሌለህ ምንም አትግዛ። ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ቁጥሩን 24 ላይ አድርገህ በፕላስተር አስረውና አንድ ወር ተራመድ። በበጋ አቧራ ሚኒባስ ውስጥ ሌንስ ከመቀያየርም ትድናለህ። ወንጪ ከላይ ሲታይ በ35 አይገባም ይሉኛል፤ አይገባም፣ ስልክህን አውጣ። ለወፍና ለፈረስ ጉግስ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል፣ በዚህ አልከራከርም።

የቀረው ትልቁ ክርክር «ሰውየው ካወቀ ተፈጥሯዊነቱ ይጠፋል» የሚለው ነው። እናትየዋ ካሜራ ስታይ ነጠላዋን ብታስተካክል ምኑ ነው የጠፋው? እንዴት መታየት እንደምትፈልግ ነገረችህ። እሱን አንሳ። ከዚያ አትሂድ፤ ሽንኩርት ግዛ፣ አጠገቧ ተቀመጥ። ደንበኛ ይመጣል፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ አንተ ትረሳለህ። ያኔ ደግመህ አንሳ። ስትነሳ ስልክ ያለው ልጇን ጠይቀህ ሁለቱንም ፎቶ በቴሌግራም ላክላት።