ነጥብ እኩል ሲሆን



በሳተላይት ቦታ ጠቋሚ እየተመሩ የተደበቀ ሣጥን መፈለግ፥ ማለት ጂኦካሺንግ የተባለው ጨዋታ፥ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦሬጎን ተጀምሮ ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል። በቅርቡ ተማሪዎች እንጦጦ ላይ ሲወዳደሩ ከዳኞቹ አንዱ ነበርኩ። ሁለት ቡድኖች ሰባት ሰባት ሣጥን አገኙ። ደንቡ «ቀድሞ የተመለሰ ያሸንፋል» ይል ስለነበር ዋንጫው በመኪና ለተዘዋወረው ቡድን ተሰጠ። በእግራቸው የሄዱት ግን ከዳገቱ ጫፍ ያለውን ሣጥን ያገኙ ብቸኞቹ ነበሩ። በውጤቱ ላይ ፈርሜአለሁና እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ጨዋታው ራሱ ለእያንዳንዱ ሣጥን ሁለት መለኪያ አለው፤ የአፈላለጉ ችግርና የመሬቱ አስቸጋሪነት፥ ሁለቱም ከ1 እስከ 5። ታዲያ የሁለቱ ድምር ለምን ነጥብ አይሆንም? የመንገድ ዳሩ 2 ሲያስገኝ የዳገቱ 9 ያስገኝ ነበር። ድምሩ እኩል ቢመጣ፥ 8ና ከዚያ በላይ የሚያወጡትን አብዝቶ ያገኘ ይቅደም፤ ይህም ካልለየ ሽልማቱን ይካፈሉ። ዕጣ ማውጣትማ የዳኛ ስንፍና ነው። ጠቋሚው በዛፍ ሥር ብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል፥ በደቂቃ ማበላለጥ የልጁን ችሎታ ሳይሆን የስልኩን ጥራት መመዘን ይሆናል።

የሚመጣውን ውድድር ደንብ አሁን በማርቀቅ ላይ ነን፤ በዳኝነት የሠሩ አንባብያን ሐሳባቸውን በዚሁ ዓምድ ቢሰጡን በአክብሮት እንቀበላለን።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
(ከአዲስ አበባ)