የፕሬቶሩ ብልሃት፣ የእናቶች ዕዳ

ሕግ ቀስ በቀስ መሻሻል አለበት የሚሉ ወገኖች የሮማን የውርስ ሥርዓት በአርአያነት ይጠቅሳሉ። ፕሬቶር የተባለው የዳኝነት ሹም ነባሩን ሕግ ሳይሽር በዐዋጁ አለዘበው፤ ሥርዓቱ ሳይናጋ ፍትሕ ሰፈነ ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ዋጋውን ማን እንደከፈለ አይነገርም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የወጡት አሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ያለ ኑዛዜ የሞተን ሰው ሀብት በሥልጣኑ ሥር ለነበሩ ልጆቹ፣ እነርሱ ከሌሉ ለቅርብ የአባት ወገን ዘመዱ ሰጡ። መለኪያው የአባት ሥልጣን እንጂ ሥጋ አልነበረም። ከአባቱ ሥልጣን የወጣ ልጅ አይወርስም፤ በባሏ ሥልጣን ሥር ያልገባች ሚስትም ልጆቿን አትወርስም፣ እነርሱም አይወርሷትም።

ፕሬቶሩ ወራሽ መፍጠር አይችልም፤ የሚሰጠው ቦኖሩም ፖሴሲዮ የተባለውን የውርስ ይዞታ ነበር። ቅደም ተከተሉም ልጆች፣ ሕጋዊ ወራሾች፣ የሥጋ ዘመዶች፣ በመጨረሻም ባልና ሚስት ነው። ወላጆችና ልጆች በ1 ዓመት፣ ሌሎች በ100 ቀን ውስጥ መጠየቅ ነበረባቸው። ከሥልጣን የወጣው ልጅ በዚህ መንገድ ከወንድሞቹ ጋር ተሰለፈ። እናት ግን ሦስተኛው መደብ ውስጥ ቀረች፤ የልጇ የአባት ወገን የሩቅ ዘመድ እንኳ ይቀድማታል። እርሱ ጊዜው አልፎበት ይዞታው ለእርሷ ቢሰጥም፣ በወራሽነቱ ከስሶ ሊነጥቃት ይችላል። ነገ ሊነጠቅ የሚችል ሀብት ደግሞ ለገዢም ለአበዳሪም ዋስትና አይሆንም።

በሀድሪያን ዘመን የወጣው የቴርቱሊያን ውሳኔ ለእናት የውርስ መብት ሰጠ፤ ሆኖም 3 ልጆች፣ ነፃ የወጣች ባሪያ ከሆነች 4 ልጆች መውለድ ነበረባት። ልጆች እናታቸውን በቀዳሚነት የወረሱት በ178 ዓ.ም. እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በወጣው የኦርፊቲያን ውሳኔ ነው። የአባት ወገንን ብልጫ ዩስቲኒያኖስ በ543 እስኪሽር ድረስ ሰሌዳዎቹ ከወጡ አንድ ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከዚህ የፈጠነ ለውጥ ኅብረተሰቡን ያናጋ ነበር የሚለው መከራከሪያ አያስኬድም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ169 የወጣው የቮኮኒያ ሕግ ባለጸጎች ሴትን በኑዛዜ ወራሽ እንዳያደርጉ በአንድ ድንጋጌ ከልክሏል። ሕግ አውጪው ሴትን ለማገድ ሲፈልግ አልዘገየም። ዘገምተኛነት የባሕርይ ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነበር።

የፕሬቶሩ ይዞታ ለተገፉት መጠጊያ መሆኑ አይካድም። ግን መጠጊያው ሕጉን ከመለወጥ ግፊት ገላገለው። መብትን በችሮታ የሚተካ ማሻሻያ የመጨረሻ ቀኑ አስቀድሞ ካልተቆረጠ፣ ማሻሻያ ሳይሆን የበደል ማራዘሚያ ነው።