ስማችንን ተዉት፣ ሲስተማችሁን አስተካክሉ

«ስምህ ከሲስተሙ ጋር አይገጥምም፤ አስተካክለህ ና።»

በየመስኮቱ የምንሰማው ይህ መልስ የሲስተሙን ጥፋት በባለጉዳዩ ላይ ይለጥፋል።

ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ «ጫላ» የሚጀምረው በላቲኑ «ሲ» ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ጸሐፊ ደግሞ «ኤች» ይጨምርበታል። ቀነኒሳ በቀለን ዓለም ያወቀው በ«ኬ» ተጽፎ ነው፤ በቁቤ መነሻው «ኪው» ነው። ሯጩ ግን አንድ ሰው ነው። እንግዲህ የአንድ የሁሩሙ ቡና ገበሬ መታወቂያ በቁቤ፣ የባንክ ደብተሩ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ቢሆን ጥፋቱ የማን ነው? ሁለቱንም የጻፈው እሱ አይደለም። መቱ ድረስ ተሳፍሮ፣ ሥራ ፈትቶ የሚመላለሰው ግን እሱ ነው።

የሚገርመው፣ ኮምፒውተር ራሱ ስምን እንዲህ አያመልክም። ሊኑክስ ተጠቃሚን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ ስሙ ለእኛ ለሰዎች የተለጠፈ ምልክት ነው። ሰርቨሩ ቁጥሩን ወደ ስም መፍታት ሲያቅተው ሰውየው መግባት ሊቸግረው ይችላል፤ ፋይሉን ግን አይነጠቅም። በስሙ ቦታ ቁጥሩ ይታያል፣ ባለቤትነቱ እንዳለ ይቆያል። ባለሙያው ስሙ ከየት እንደሚፈለግ የሚወስነውን ፋይል ያያል፤ ያረጀ ካሽ ያጸዳል፤ ስሞቹ ከተመዘገቡበት ሰርቨር ጋር ያለውን ግንኙነት ይፈትሻል። ተጠቃሚውን «የአባትህን ስም አስለውጠህ ና» አይለውም።

እኛም ቁጥሩ አለን። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ፋይዳ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ የማይደገም ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል፤ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል። ይህን ሁሉ ከሰጠን በኋላ በአንድ ፊደል የምንመለስ ከሆነ ምዝገባው ለምን አስፈለገ?

«ማጭበርበርን ለመከላከል ነው» ይሉናል። ስጋቱ እውነት ነው፤ የሰው ሂሳብ የሚዘርፍ አለ። ግን አጭበርባሪ ስምን አስተካክሎ መጻፍ አይከብደውም፤ የሚከብደው አሻራ ነው። የፊደል ልዩነት ለተጨማሪ ማጣሪያ መነሻ ይሁን እንጂ የእምቢታ ማኅተም አይሁን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ቁጥሩና አሻራው ከገጠሙ አገልግሎቱ ይሰጥ። የቁቤው፣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው አጻጻፍ በአንድ ቁጥር ሥር አብረው ይመዝገቡ። እርማት ካስፈለገም ወጪውና ድካሙ የመዝጋቢው ተቋም ይሁን።

ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም ይቅርታ አይጠይቅም።