አራት ሺህ ዶላር በአሥር ደቂቃ ይሰማል?

የቡና ነጋዴ ገንዘቡን የሚያወጣው በጆንያው ላይ የተጻፈውን አንብቦ አይደለም። ናሙናው ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በኮድ ቁጥር ተለይቶ በስኒ ይቀርባል፤ ቀማሹም የማን ቡና እንደሆነ ሳይነገረው ፉት ብሎ ይፈርዳል። ዋጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በውድ የድምፅ ዕቃዎች ገበያ ውስጥ ግን ሥርዓቱ የተገለበጠ ይመስላል። ገዢው አስቀድሞ ዋጋውን ያያል፤ ቀጥሎ የቆዳውን ልስላሴ ይዳስሳል፤ በመጨረሻ ያዳምጣል። አሥር ደቂቃ ያህል እንዳዳመጠም «ወይ ጉድ!» ብሎ ቦርሳውን ይከፍታል።

ለመሆኑ ይህ «ወይ ጉድ» ስንት ያወጣል? ፕሌነር ማግኔቲክ የሚባለው የጆሮ ማዳመጫ 4 ሺህ፣ አንዳንዴም 6 ሺህ ዶላር በሚጠራበት በዛሬው ገበያ ጥያቄው እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

ነገሩ ለራቀው አንባቢ አሠራሩን ባጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። በተለመደው ማዳመጫ ውስጥ ያለው ትንሽ ስፒከር ነው። የተጠቀለለ ሽቦ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቅና በማግኔት ኃይል ወደፊትና ወደኋላ ይገፋዋል። ግፊቱ ከአንድ ቦታ ስለሚነሣ የሽፋኑ አካል በሙሉ ሁልጊዜ እኩል አይሄድም። በፕሌነር ግን የኤሌክትሪክ መስመሩ እጅግ ስስ በሆነ ፊልም ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፤ ፊልሙም በማግኔቶች ፊት ተወጥሮ መላ ገጹ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ትርፉ የጠራና እስከ ታች ድረስ የማይዝል ወፍራም ድምፅ ነው። ዕዳው ደግሞ የማግኔቱ ክብደት ነው። የኦዴዚ ኤልሲዲ-ኤክስ 612 ግራም ይመዝናል፤ ይህን በራሱ ላይ ተሸክሞ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው አንገቱ ይመሰክርለታል።

ዕቃው አዲስ አይደለም። የጃፓኑ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1976 ኤችፒ-1 የተባለውን ማዳመጫ በኢጣሊያዊው ንድፍ ሠሪ በማሪዮ ቤሊኒ አስነድፎ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ከዚያም እንደ ፎስቴክስ ያሉ ጥቂቶች ለስቱዲዮ ሠራተኞች መሥራታቸውን ከመቀጠላቸው በስተቀር ሐሳቡ ለረጅም ዓመታት ተዘነጋ። ገበያው እንደገና የሞቀው ከ2009 ወዲህ የካሊፎርኒያው ኦዴዚና የዶክተር ፋንግ ቢያን ሃይፋይማን ከገቡበት በኋላ ነው። ዳን ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ በዚህ ሥራ የታወቀው ያንኑ ርካሽ የፎስቴክስ ማዳመጫ እየፈታና እያሻሻለ በመሸጥ ነበር። ለመርካቶ ሰው እንዲህ ያለው አጀማመር እንግዳ አይሆንበትም።

ክርክሩ የሚጦፈው ጀርባው ክፍት በሆነውና በድፍኑ መካከል ነው። ክፍቱ ከኋላው ወንፊት የመሰለ ክዳን ስላለው ድምፁ ወደ ጆሮ የሚገባውን ያህል ወደ ውጭም ይወጣል። የመጀመሪያ ስሜቱ የስፋት ነው፤ ሙዚቃው ከራስ ቅል ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። በድፍኑ ውስጥ ግን ከፊልሙ ጀርባ የሚነሣው ድምፅ ከግድግዳው ጋር ተላትሞ ይመለሳል። ካልተገራ በጣሳ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ያደርገዋል። ልዩነቱን ለማወቅ በገና ጥሩ ዳኛ ነው። አሥሩ አውታር ሲደረደር ከእንዚራው የሚነሣው ንዝረት በጥሩ ክፍት ማዳመጫ እያንዳንዱ በየራሱ ጀምሮ በየራሱ ያልቃል። በደካማ ድፍን ማዳመጫ ግን ንዝረቱ ከሣጥኑ ጩኸት ጋር ተቀላቅሎ አንድ ጉርምርምታ ይሆናል።

እዚህ ላይ የዳን ክላርክ ኩባንያ ሁለት ሥራዎች ለገበያ ተመልካች የተመቹ ናቸው። በ2021 ስቴልዝ የተባለውን ድፍን ማዳመጫ፣ በ2022 ደግሞ ኤክስፓንስ የተባለውን ክፍት ማዳመጫ አወጣ። ሁለቱም 4 ሺህ ዶላር ገደማ ተተመነባቸው። በሁለቱም ውስጥ፣ በፊልሙና በጆሮው መካከል፣ ሜታማቴሪያል የሚሉት በጥቃቅን መተላለፊያዎች የተሞላ ገጽ አለ፤ ሥራውም እየተላተመ የሚመለሰውን ቀጭን ድምፅ ውጦ ማስቀረት ነው። ስቴልዝን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርግ ሰው ግር የሚለው በዚህ ነው። ጆሮው ድፍን መሆኑን ይነግረዋል፤ ድምፁ ግን የጣሳ አይደለም። ኤክስፓንስ ጥቂት ሰፋና ቀለል ይላል። ከዚያ በላይ ሰማይና ምድር ያህል ልዩነት ፈልጎ የሚመጣ ሰው ሳያገኝ ይመለሳል።

ዋጋቸው ለምን እኩል ሆነ? ድፍኑን ሣጥን ዝም ማሰኘት ከክፍቱ ይልቅ አስቸጋሪ ሥራ ነው። ወጪ ዋጋን የሚወስን ቢሆን ኖሮ ክፍቱ ይረክስ ነበር። ዋጋው የተቆረጠው የዚህ ደረጃ ገዢ ሊከፍል ከለመደው ገንዘብ ተነሥቶ ይመስላል። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ሻጭ ያገኘውን ይጠይቃል። ገዢው ግን 4 ሺህ የሚለውን ቁጥር የድምፅ ጥራት መለኪያ አድርጎ መውሰዱ ስሕተት ነው።

ማስረጃ ለሚሻ፣ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት 40 አድማጮች ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ ሌላ ጊዜ ሳያዩ እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። እያዩ ሲመዝኑ ትልልቆቹንና ውዶቹን አነገሡ፤ መጋረጃው ሲወርድ ግን ልዩነቱ ጠበበ። አድማጮቹ እዚያው በድምፅ ዕቃ ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች መሆናቸው ነገሩን ያከብደዋል። በ2017 ደግሞ ጄሮን ብሬባርት 283 ማዳመጫዎችን ለክቶ በችርቻሮ ዋጋቸውና በድምፅ ሚዛናቸው መካከል ተዛምዶ እንደሌለ አሳትሟል። የድምፅ ሚዛን ሁሉንም ነገር አይናገርም፤ ምቾትና የሥራ ጥራትም ዋጋ አላቸው። ቢሆንም ሻጩ አፉን ሞልቶ የሚሸጠው ድምፁን ነው።

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ የሚያታልልበት ሌላም ምክንያት አለ። ጆሮ በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ «የተሻለ» ይለዋል፤ የ1 ዴሲቤል ብልጫ እንኳ ለማሳሳት ይበቃል። ማዳመጫዎች ደግሞ በአንድ የድምፅ መጠን ላይ እኩል አይጮኹም። በአምራቾቹ ቁጥር ኤልሲዲ-ኤክስ 103 ዴሲቤል ሲሆን፣ በ2017 በ6 ሺህ ዶላር የወጣው የሃይፋይማን ሱስቫራ 83 ነው። የ20 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ለእኩል ድምፅ 100 እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው። መደብር ውስጥ ሁለቱን እያቀያየረ ድምፁን ያላስተካከለ ሰው ያወዳደረው ኃይላቸውን እንጂ ጥራታቸውን አይደለም። በዚያ ላይ ሱስቫራን የገዛ ሰው ኃይለኛ አምፕሊፋየር ለመግዛት ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። 6 ሺሁ መነሻ ዋጋ ብቻ ነበር ማለት ነው።

የዋጋው ሰንጠረዥ ወዴት እንደሚያዘነብልም የሚታይ ነው። ኤልሲዲ-ኤክስ ከ1,699 ወደ 1,199 ዶላር ወርዷል። የሃይፋይማን አናንዳ በ999 ዶላር ጀምሮ ወደ 699 ተንሸራቷል። ሶኒ በ2023 ኦዴዚን የገዛው በጨዋታ መሣሪያ ንግዱ በኩል ነው። የኦዴዚ ማክስዌል የተባለው ድፍን የጨዋታ ማዳመጫ በ299 ዶላር ሲወጣ የፊልሙ ስፋት 90 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የ4,500 ዶላሩ ኤልሲዲ-5ም 90 ነው። ሁለቱ አንድ ዕቃ ናቸው ማለት አይደለም፤ ውዱ በረቀቀ ሥራ የተለየ ነው። ነገር ግን የአሥራ አምስት እጥፍ ዋጋ የአሥራ አምስት እጥፍ ድምፅ እንደማይሰጥ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

እንግዲህ የሚገዛ ሰው ምን ይግዛ? ጸጥ ያለ ክፍል ላለው ሰው ክፍቱ ያዋጣል። ከጎረቤት ጄኔሬተር፣ ከልጆችና ከቴሌቪዥን ጋር ለሚኖር ከተሜ ግን በክፍት ማዳመጫ ላይ ሺህ ዶላር ማፍሰስ ገንዘቡን በወንፊቱ ማፍሰስ ነው። ስቴልዝን የመሰለ ድፍን ዕቃ ትርጉም የሚኖረው ለእርሱ ነው። መመለስ በሚፈቅድ መደብር ወስዶ ለአንድ ሳምንት፣ የድምፁን መጠን አስተካክሎ፣ ዋጋውንም ለማያውቅ ወዳጁ እያስደመጠ ቢፈትነው ከአሥሩ ደቂቃ የተሻለ ፍርድ ያገኛል።

የአዲስ አበባው ገዢ ግን ይህ ዕድል የለውም። ዕቃው የሚመጣለት ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ ካልወደደው የሚመልስበት ሱቅ የለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲመነዘር 4 ሺሁ ዶላር 230 ሺህ ብር ያህል ነበር። ለውጡ በተደረገ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብርን ሲያልፍ ሒሳቡ ከ400 ሺህ ብር በላይ ሆነ። በኒውዮርክ ያላስደሰተውን ማዳመጫ ባለቤቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሌላ አፍቃሪ ያስተላልፈዋል። እዚህ ግን ስቴልዝን በሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ፈልጎ ለማግኘት ጎበዙ ደላላም ሳይቸገር አይቀርም።